መሰኪያና ስምምነት፦ ተጓዳኝ መሣሪያዎችን ከቀደምት ወርክስቴሽኖች ጋር የማገናኘት ታሪክ

የኮምፒዩተር ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው በስሌት ፍጥነትና በማስታወሻ ስፋት ዕድገት ነው። አተራረኩ ስሕተት ባይሆንም አንድ ዐቢይ ጉዳይ ያስቀራል። ኮምፒዩተር ለብቻው ሲታይ ዝግ ሣጥን ነው። ፊደል የሚቀበልበት የቁልፍ ሰሌዳ፣ ውጤቱን የሚያሳይበት ስክሪን፣ ሥራውን የሚያኖርበት ዲስክ፣ በወረቀት የሚያወጣበት ማተሚያ፣ ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገርበት ሞደም ካልተገናኙለት የሚሰጠው አገልግሎት አይኖርም። እነዚህ ተጓዳኝ መሣሪያዎች ከዋናው ሣጥን ጋር የተገናኙበት መንገድ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከፈጠራ ይልቅ የስምምነት፣ አንዳንዴም የስምምነት እጦት ታሪክ ነው።

ጉዳዩ ለትምህርት ባለሙያዎች የሩቅ ነገር አይደለም። በዕርዳታም ሆነ በግዥ ወደ ትምህርት ቤት የገባ ኮምፒዩተር ከጥቅም ውጭ የሚሆነው ሁልጊዜ አካሉ ስለ ተበላሸ አይደለም። ማሽኑ ደኅና ሆኖ ሳለ የሚያገናኘው ገመድ ስለ ጠፋ፣ ገመዱም ቢኖር የትኛው ከየትኛው እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ስለ ሌለ ብቻ በንብረት መዝገብ ላይ «የማያገለግል» ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። እንዲህ ያለው ውሳኔ በቂ ምክንያት ያለው መሆን አለመሆኑን ለመመርመር መሰኪያዎቹ ከየት እንደ መጡ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ተጓዳኝ መሣሪያ ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር እንዲሠራ ሦስት ስምምነቶች መሟላት አለባቸው። የመጀመሪያው የቅርጽ ስምምነት ነው፤ መሰኪያው ከሶኬቱ ጋር መግጠም አለበት። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ስምምነት ነው፤ በየትኛው ፒን ምን ያህል ቮልት እንደሚያልፍ፣ የትኛው ፒን እንደሚልክና የትኛው እንደሚቀበል ሁለቱም ወገኖች በአንድ ዓይነት መንገድ መረዳት አለባቸው። ሦስተኛው የቋንቋ ስምምነት ነው፤ የተላከው ምልክት ምን ማለት እንደ ሆነ ተቀባዩ ማወቅ ይኖርበታል። በዓይን የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ብዙ ጊዜና ገንዘብ የባከነውም ቅርጹ የገጠመ ሁሉ የተስማማ እየመሰለ ነው።

ከቴሌግራፍ የተወረሰው መስመር

ኮምፒዩተሮች ከሰው ጋር ይነጋገሩ የነበሩት በመጀመሪያ በተዋሱት መሣሪያ ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤሚል ቦዶ በ1870ዎቹ ለቴሌግራፍ ያዘጋጀው ዘዴ እያንዳንዱን ፊደል በአምስት ምልክቶች ይወክል ነበር። የምልክት ፍጥነት መለኪያ የሆነው «ቦድ» የሚለው ቃልም የተወሰደው ከስሙ ነው። አምስት ምልክቶች ሊሰጡ የሚችሉት 32 ጥምረት ብቻ ስለ ሆነ ለላቲን ፊደል እንኳ ወደ አኃዝና ወደ ፊደል የሚያዛውር ተጨማሪ ምልክት አስፈልጓል። ከሁለት መቶ በላይ ሆሄያት ላሉት ለግዕዝ ፊደል ችግሩ እጅግ የከበደ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። የአማርኛ ቴሌፕሪንተር በመንደፍ የሚታወቁት ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የተጋፈጡት ይህንኑ ጥበት ነው።

በ1963 አስኪ የተባለው ባለ ሰባት ቢት የፊደል መለያ ወጣ። በዚያው ዘመን ገበያ ላይ የዋለው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 ይህን መለያ እየተጠቀመ በሴኮንድ 10 ፊደላት ይጽፍ ነበር። ዋጋው ከሌሎች አንጻር ዝቅ ያለ በመሆኑ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የኮምፒዩተር ማስገቢያና ማውጫ ሆኖ አገለገለ። ኮምፒዩተሩ ሩቅ ከሆነ መልእክቱ በስልክ መስመር መጓዝ ነበረበት፤ ለዚህም ምልክቱን ወደ ድምፅ፣ ድምፁንም ወደ ምልክት የሚለውጠው ሞደም አስፈለገ።

ቴሌታይፑን የሚሠራው አንድ ኩባንያ፣ ሞደሙን የሚያቀርበው ሌላ ድርጅት በሆነ ጊዜ በመካከላቸው የሚያልፈውን ገመድ የሚወስን ሰነድ የግድ ሆነ። የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪዎች ማኅበር በ1960 ያወጣው አር ኤስ 232 የተባለ ደረጃ የተወለደው ከዚህ ፍላጎት ነው። በ1969 የወጣው ሦስተኛው ማሻሻያ ለረጅም ዘመን የተሠራበት ሆነ። በዚህ ደረጃ መሠረት በተቀባዩ በኩል ከ3 እስከ 15 ቮልት የሆነ አዎንታዊ ኃይል 0 ተብሎ፣ ከ3 እስከ 15 ቮልት የሆነ አሉታዊ ኃይል 1 ተብሎ ይነበባል። ገመዱ ከ15 ሜትር ያህል እንዳይበልጥ፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ ከ20,000 ቢት እንዳያልፍ ተመክሯል። ቢቶቹ በአንድ ሽቦ ላይ ተራ በተራ ስለሚጓዙ መስመሩ ተከታታይ መስመር ይባላል።

ደረጃው ከመነሻው የታሰበው ለሁለት የተለያዩ ወገኖች መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ አንዱ ተርሚናል፣ ሌላው ሞደም። የተርሚናሉ መላኪያ ፒን ከሞደሙ መቀበያ ጋር በቀጥታ ይገጥማል። ማተሚያ፣ ስዕል መሣያ፣ የላቦራቶሪ መለኪያና ሌላ ኮምፒዩተር በዚህ መስመር መገናኘት ሲጀምሩ ግን እያንዳንዱ አምራች መሣሪያውን ወይ እንደ ተርሚናል ወይ እንደ ሞደም መቁጠር ነበረበት። ሁለቱም ራሳቸውን ተርሚናል ካደረጉ ሁለቱም በአንድ ሽቦ ይልካሉ፣ ሁለቱም በአንድ ሽቦ ይጠብቃሉ፤ የሚሰማ ግን የለም። መፍትሔው ሁለቱን ሽቦዎች የሚያቀያይር ገመድ ነበር፤ በመካከሉ ሞደም እንዳለ የሚያስመስል በመሆኑ ነል ሞደም ተባለ። በዚህ ላይ ሌላ መደናገር ተጨመረ። በተለመደው ባለ 25 ፒን መሰኪያ በተርሚናሉ በኩል 2 ቁጥር ይልካል፣ 3 ቁጥር ይቀበላል። አይ ቢ ኤም በ1984 ባወጣው ፒሲ ኤ ቲ ኮምፒዩተር ላይ የተጠቀመበት ባለ 9 ፒን መሰኪያ ደግሞ በተቃራኒው 2 ቁጥር ይቀበላል፣ 3 ቁጥር ይልካል።

ሽቦው ተስተካክሎም ሥራው አያልቅም ነበር። ሁለቱ ወገኖች በፍጥነት፣ ፊደሉ 7 ወይም 8 ቢት በመሆኑ፣ በማረጋገጫ ቢቱና በማቆሚያ ቢቱ መስማማት ነበረባቸው። ከእነዚህ አንዱ ከተዛባ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው። አር ኤስ 232 ይህን ሁሉ ለተጠቃሚው ትቶ ያለፈ መሆኑ የደረጃው ድክመት ተደርጎ ይነሣል። ይሁን እንጂ ዕድሜውን ያረዘመውም ይኸው ቀላልነቱ ሳይሆን አይቀርም። ሦስት ሽቦ ብቻ፣ ማለትም መላኪያ፣ መቀበያና የጋራ መሬት፣ ካለ በማንኛውም ሁለት ማሽን መካከል ንግግር መጀመር ይቻላል።

በአዲስ አበባም የዚህ መስመር አገልግሎት የታየበት አጋጣሚ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ሥርዓት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ በሞደምና በስልክ መስመር የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያለዋውጥ ነበር። የተከማቸው ደብዳቤ በስልክ ጥሪ አማካይነት በለንደን በኩል ከተቀረው ዓለም ጋር ይገናኝ ነበር። በ1997 የኢንተርኔት አገልግሎት በሀገሪቱ ከመጀመሩ በፊት ለብዙ ምሁራን ወደ ውጭው ዓለም የተከፈተው በር ከኮምፒዩተር ጀርባ የሚገባ ተከታታይ ገመድ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ቅርጽ፣ ሦስት ትርጉም

የማተሚያው ታሪክ ደግሞ ደረጃ በአጋጣሚ ሊወለድ እንደሚችል ያሳያል። ሴንትሮኒክስ የተባለው ኩባንያ በ1970 ሞዴል 101 ማተሚያውን ሲያወጣ የተጠቀመበት ባለ 36 ፒን መሰኪያ፣ የኩባንያው መነሻ የነበረው ዋንግ ላቦራቶሪስ ለሒሳብ መኪናዎቹ ገዝቶ ከተረፈው ክምችት የተወሰደ ነበር። በዚህ መስመር ስምንት ቢቶች በስምንት ሽቦዎች በአንድ ጊዜ ስለሚሻገሩ ጎንዮሽ መስመር ሊባል ይችላል። ሌሎች አምራቾች ማተሚያዎቻቸው ከነባሩ ጋር እንዲተካኩ ሲሉ ቀዱት፤ ያለ ማንም አዋጅም ደረጃ ሆነ።

አይ ቢ ኤም በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ 36 ፒን ያለው መሰኪያ ስለ ሰፋበት በኮምፒዩተሩ በኩል ባለ 25 ፒን ሴቴ ሶኬት አደረገ። ባለ 25 ፒኑ ወንዴ ሶኬት በዚያው ኮምፒዩተር ላይ የተከታታይ መስመር መሰኪያ ነበር። ስለዚህ በአንድ ሣጥን ጀርባ፣ በወንዴና በሴቴ ብቻ የሚለዩ፣ በኤሌክትሪክ ግን ፈጽሞ የማይስማሙ ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንደኛው እስከ አሉታዊ 12 ቮልት የሚልክ ነው፤ ሌላው ከ5 ቮልት በላይ የማይጠብቅ። በሌሎች አምራቾች ወርክስቴሽኖች ላይ የተከታታይ መስመሩ ራሱ በሴቴ ሶኬት ይወጣ ስለ ነበር ልዩነቱ ያ እንኳ አልቀረለትም።

ሦስተኛው ትርጉም በ1986 መጣ። አፕል ኩባንያ ማኪንቶሽ ፕላስን ሲያቀርብ ለዲስክ የሚያገለግለውን ስካዚ መስመር በባለ 25 ፒን ሴቴ ሶኬት አወጣው። የመስመሩ ደንብ የሚጠይቀው 50 ሽቦ ሆኖ ሳለ አብዛኞቹ የመሬት ሽቦዎች ተጣምረው በግማሽ ተቀነሱ። ቦታና ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ከሆነ የሚያስመሰግን ቁጠባ አልነበረም። ውጤቱ የአይ ቢ ኤም ማተሚያ ገመድ ያለ ምንም መከላከያ ከማኪንቶሹ የዲስክ ሶኬት ገጥሞ የሚገባና መሣሪያውን ሊጎዳ የሚችል መሆኑ ነው። የገጠመ ሁሉ የተስማማ ነው ብሎ ያሰበ ተጠቃሚ ጥፋተኛ ሊባል አይችልም፤ ቅርጹ ራሱ አሳስቶታል።

ማተሚያው በቅርጽም በኤሌክትሪክም ከተስማማ በኋላ የቋንቋው ጥያቄ ይከተላል። በ1980ዎቹ የነበሩት የነጥብ ማተሚያዎች የፊደላትን መልክ በውስጣቸው በተቀመጠ ቋሚ ማስታወሻ ይዘው ይመጡ ነበር። ኮምፒዩተሩ 65 የሚል ቁጥር ሲልክ ማተሚያው የላቲኑን «ኤ» ፊደል ከማስታወሻው አውጥቶ ይጽፋል። የግዕዝ ፊደል በዚያ ማስታወሻ ውስጥ ስላልነበረ አማርኛ የሚያትም ፕሮግራም እያንዳንዱን ሆሄ እንደ ሥዕል ነጥብ በነጥብ መላክ፣ አለበለዚያም የሆሄያቱን መልክ አስቀድሞ ወደ ማተሚያው ማስገባት ነበረበት። በአንድ ማተሚያ የሠራው ትእዛዝ በሌላ አምራች ማተሚያ ላይ የተመሰቃቀለ ወረቀት ያወጣበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ገመዱ አንድ፣ ቋንቋው ግን ልዩ ልዩ ነበር።

የወርክስቴሽኑ ዘመን

ወርክስቴሽን የሚባለው ለአንድ ባለሙያ የተመደበ፣ ሰፊ ስክሪን ያለው፣ ከመረብ ጋር የተገናኘና በጊዜው ከነበረው የግል ኮምፒዩተር የላቀ ኃይል ያለው ማሽን ነው። በዚህ መስክ ስመ ጥር የሆነው ሳን ማይክሮሲስተምስ በ1982 የተቋቋመ ሲሆን መነሻው አንድሪያስ ቤክቶልስሃይም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነደፈው ማሽን ነበር። ኩባንያው በ1989 ያወጣው ስፓርክስቴሽን 1 የፒዛ ሣጥን በሚመስል ጠፍጣፋ አካሉ ይታወሳል። እነዚህ ማሽኖች ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ከባለቤቶቻቸው እጅ ሲወጡ የተቀባዮቻቸው ፈተና በአብዛኛው ከጀርባቸው ይጀምራል።

የስክሪኑ መሰኪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሦስት ወፍራም ዘንጎችና አሥር ቀጫጭን ፒኖች የነበሩትን አንድ ዓይነት መሰኪያ ሳን፣ ሲሊኮን ግራፊክስና አይ ቢ ኤም ሁሉም ተጠቅመውበታል፤ የቀጫጭኖቹ ፒኖች ድልድል ግን ይለያያል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ስክሪኖች የሚሠሩት በተወሰነ የምስል ድግግሞሽ ብቻ ስለ ነበር የአንዱ ስክሪን በሌላው ማሽን ላይ ተገጥሞ ጨለማ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

የቁልፍ ሰሌዳውም እንዲሁ ነው። አፕል በ1986 ባለ 4 ፒን፣ አይ ቢ ኤም በ1987 ባለ 6 ፒን ክብ መሰኪያ ሲያወጡ ሳን ደግሞ ባለ 8 ፒን ክብ መሰኪያ ተጠቀመ። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ መሰኪያዎች ናቸው፤ ከሩቅ ለሚያያቸው አይለያዩም። የሳን የቁልፍ ሰሌዳ በውስጡ የሚጠቀምበት በሴኮንድ 1,200 ቢት የሚጓዝ ተከታታይ መስመር ሲሆን ማውሱ የሚሰካው ከዋናው ሣጥን ሳይሆን ከሰሌዳው ጎን ነበር። ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ የቁልፍ ሰሌዳው ከተነቀለ ወርክስቴሽኑ ያንን እንደ ማቋረጫ ምልክት ይቆጥረውና ፕሮግራሙን አቁሞ ወደ መነሻ ትእዛዝ መቀበያው ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ኤሌክትሪኩን ቢያጠፋ አያስገርምም፤ የሚያውቀው ግን ሰሌዳውን መልሶ ሰክቶ በአንድ ቃል ትእዛዝ ሥራውን ካቆመበት ያስቀጥለዋል።

ሌላም ጠቃሚ ባሕርይ ነበረው። የሳን ወርክስቴሽን ሲነሣ የቁልፍ ሰሌዳ ካላገኘ ንግግሩን ሁሉ ወደ መጀመሪያው ተከታታይ መስመር ያዞራል፤ ፍጥነቱ 9,600፣ ፊደሉ 8 ቢት፣ ማረጋገጫ ቢት የሌለው፣ ማቆሚያው 1 ቢት ነው። ስለዚህ ስክሪኑም ሰሌዳውም የጠፋበት ማሽን ከማናቸውም ሌላ ኮምፒዩተር በነል ሞደም ገመድ ሊታዘዝ ይችላል። በ1960 ለቴሌታይፕና ለሞደም የተጻፈው ስምምነት ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተሠራን ማሽን ከመጣል ያድናል ማለት ነው። አንድ የማሠልጠኛ ተቋም እንዲህ ያለውን ወርክስቴሽን «ስክሪን የለውም» ብሎ ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት ይህን መሞከሩ ብዙ አያስወጣውም።

ዲስክ፣ ካሴትና ሲዲ አንባቢ የሚገናኙበት ስካዚ ግን ከሁሉም በላይ ረቂቅ ነበር። መነሻው ሹጋርት አሶሲዬትስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለዲስኮቹ ያዘጋጀው መስመር ሲሆን የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም በ1986 አጽድቆታል። መስመሩ እስከ ስምንት አባላት ይይዛል፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ አንዱ ስለ ሆነ ሰባት ለተጓዳኝ መሣሪያዎች ይቀራል። እያንዳንዱ አባል ከ0 እስከ 7 የሆነ ቁጥር ይኖረዋል። ሁለት አባላት በአንድ ጊዜ ለመናገር ሲፈልጉ ትልቁ ቁጥር ያለው ይቀድማል፤ በዚህም ምክንያት 7 ቁጥር ብዙ ጊዜ ለኮምፒዩተሩ ይሰጣል። በአንድ ሠፈር ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ቢይዙ ደብዳቤው እንደሚጠፋ ሁሉ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቁጥር ሲይዙ መስመሩ በሙሉ ይታወካል። በብዙ የሳን ማሽኖች የውስጡ ዲስክ 3 ቁጥር፣ ሲዲ አንባቢው 6 ቁጥር እንዲይዙ ይጠበቅ ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ ተጠቃሚዎችን ያስቸገረው ማብቂያው ነው። መሣሪያዎቹ በሰንሰለት አንዱ ከአንዱ ይያያዛሉ፤ በሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች ላይ ተርሚኔተር የሚባል ማብቂያ መኖር አለበት። ማብቂያ ከሌለ ምልክቱ ከሽቦው ጫፍ ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፤ የተመለሰው ድምፅም ተከትሎት ከሚመጣው ምልክት ጋር ይደባለቃል። በሰንሰለቱ መካከል ትርፍ ማብቂያ ሲኖርም ምልክቱ ይደክማል። ጠቅላላው ርዝመት በተለመደው ዓይነት ከ6 ሜትር እንዳይበልጥ ደንብ ነበር። ችግሩ ስሕተቱ ወዲያው የማይታይ መሆኑ ነው፤ ማብቂያው የጎደለው ሰንሰለት በአጭር ገመድ ሲሠራ ሰንብቶ አንድ መሣሪያ ሲጨመርበት ይቆማል፣ ጥፋቱም ያለ በደሉ በአዲሱ መሣሪያ ይላከካል።

የስካዚ ታሪክ ሦስተኛውን ስምምነት፣ ማለትም ቋንቋውን፣ እጅግ ግልጽ በሆነ መልክ ያሳያል። የሲዲ አንባቢ መረጃውን የሚሰጠው በ2,048 ባይት ክፍል ነው። ሳንን ጨምሮ በርካታ የዩኒክስ ወርክስቴሽኖች ግን ከሲዲ ለመነሣት የሚጠብቁት እንደ ዲስክ የ512 ባይት ክፍል ነበር። በመሰኪያም፣ በቮልትም፣ በቁጥርም፣ በማብቂያም ፍጹም የተስማማ አንባቢ ሥርዓቱን ማስነሣት ሳይችል ይቀራል። በአንዳንድ አንባቢዎች ጀርባ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ማያያዣ ወደ 512 ታዛውረዋለች። ይህን ማያያዣ ባለማወቅ የተጣለ አንባቢ የተጣለው ያለ ጥፋቱ ነው።

የአንድ መሰኪያ ሐሳብ

የቅርጽ፣ የኤሌክትሪክና የቋንቋ ስምምነቶችን በአንድ ሰነድ ለማጠቃለል የተደረገው ትልቁ ጥረት ዩ ኤስ ቢ ነው። ኮምፓክ፣ ዲጂታል፣ አይ ቢ ኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤን ኢ ሲና ኖርተል በ1994 ሥራውን ጀምረው የመጀመሪያውን ደረጃ በ1996 አወጡ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.5 ሚሊዮን ወይም 12 ሚሊዮን ቢት ሲሆን በአንድ መስመር እስከ 127 መሣሪያዎች ይፈቀዱ ነበር። ማሽኑ ሳይጠፋ መሰካትና መንቀል ተቻለ፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም በዚያው ገመድ ተላለፈ። ዋናው ለውጥ ግን መሣሪያው ሲሰካ ስለ ራሱ ምንነት መናገሩና የቁልፍ ሰሌዳ፣ ማውስና የመሳሰሉት በጋራ መደብ መመደባቸው ነው። አፕል በ1998 ባወጣው አይማክ ላይ የቀድሞዎቹን የቁልፍ ሰሌዳ፣ የተከታታይና የስካዚ መሰኪያዎች በሙሉ ትቶ ዩ ኤስ ቢን ብቻ ለተጓዳኝ መሣሪያዎች አደረገ፤ ሳንም በ2000 ባወጣው ሳን ብሌድ 1000 ወደ ዩ ኤስ ቢ የቁልፍ ሰሌዳ ተሸጋገረ።

የዚህ ስምምነት ጥቅም አያከራክርም። ዋጋውን የከፈሉት ግን ነባር መሣሪያ የያዙ ተቋማት ናቸው። ተከታታይ መሰኪያ ያለው የላቦራቶሪ ሚዛን፣ ጎንዮሽ መሰኪያ ያለው ማተሚያ፣ ስካዚ ያለው ስካነር እየሠሩ ሳሉ የሚሰኩበት ሶኬት ከአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ጠፋ። ለተከታታዩ መስመር አነስተኛ መለወጫ ስለሚገኝ ችግሩ በብዙ ሁኔታ ይቃለላል። ለስካዚ የተሠሩት መለወጫዎች ጥቂትና ውስን ናቸው። ስለዚህ ነባሩን መሣሪያ ለማቆየት ከሚያስፈልገው ገመድ ጋር ነባሩን ኮምፒዩተር አብሮ ማቆየት፣ የሁለቱንም መሰኪያ ዓይነት፣ ቁጥርና አቀማመጥ በንብረት ካርዱ ላይ መጻፍ ከሁሉ የረከሰው መንገድ ሆኖ ይገኛል።

ዩ ኤስ ቢ ራሱ በ2014 ዓይነት ሲ የተባለውን፣ በየትኛውም ወገን ቢገለበጥ የሚገባውን ትንሽ መሰኪያ አገኘ። በዚህ አንድ ቅርጽ ውስጥ የመረጃ፣ የኃይልና የስክሪን ምስል መስመሮች ሊያልፉ ይችላሉ፤ በእያንዳንዱ ገመድ ውስጥ ግን ሁሉም አይገኙም። አንዱ ገመድ በ2000 በወጣው ደረጃ ፍጥነት ብቻ፣ ማለትም በሴኮንድ 480 ሚሊዮን ቢት፣ ያስተላልፋል፤ ሌላው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፣ የስክሪን ምስልም ይሸከማል። በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተደባልቀው የተቀመጡ ሁለት እንዲህ ያሉ ገመዶች ምልክት ካልተጻፈባቸው በዓይን አይለዩም፤ ከአንዱ ሶኬትም ሁለቱ በእኩል ይገባሉ።